ዓባይን ያየ ምንጩን ያመስግን

«ዓባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል» የሚለውን ተረት በአገራችን ያልሰማ ሰው አይገኝም። ትርጉሙም፥ ትልቁን ነገር አይቶ የማያውቅ ሰው በትንሹ ይደነቃል፤ ትንሹንም እንደ ትልቅ አድርጎ ይቈጥረዋል ማለት ነው። አማርኛን በመማር ላይ ያላችሁ ባልደረቦቼ ይህን ተረት በንግግርም ሆነ በጽሑፍ ብትጠቀሙበት የሚሰማችሁ ሁሉ ይረዳችኋል። እኔ ግን ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ተረቱን ገልብጬ ማሰብ ጀምሬአለሁ። ዓባይን ዕለት በዕለት እያየ፥ ከርሱም እየጠጣ፥ ምንጩን ግን አንድ ቀን እንኳ ሳያይ የሚኖር ሰው ምን ይባላል? ይህን ጥያቄ ያገኘሁት ከመጽሐፍ አይደለም፤ በካርቱም ከተማ ሪያድ በምትባለው ሰፈር፥ ከአንድ ሽማግሌ ዘበኛ አፍ ነው። ነገሩን ከመጀመሪያው ላጫውታችሁ። በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮጳውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አመለክታለሁ።

ሪያድ ከካርቱም አውሮፕላን ማረፊያ በስተ ምሥራቅ ያለች ሰፈር ናት። ስሟ ከሳውዲ ዐረቢያ ዋና ከተማ ስም ጋር አንድ ስለሆነ ዘመዶቼ ያለሁበትን አገር ሁልጊዜ ይሳሳቱት ነበር፤ ቃሉ በዐረብኛ የአትክልት ቦታዎች ማለት ነው። በዚያች ሰፈር ለሥራ በኖርሁበት ዘመን፥ ፀሐይ ስትበርድ በመንሺያ ሰፈር በኩል እስከ ጥቁር ዓባይ ዳር ድረስ በእግሬ የመሄድ ልማድ ነበረኝ። ሱዳኖች ወንዙን ባሕር አል አዝረቅ ይሉታል። አዝረቅ ሰማያዊ ማለት ሲሆን፥ በሱዳኖች አነጋገር ለጠቈረ ነገርም ይነገራል፤ የእኛ ሰዎች ጥቁር ዓባይ ማለታቸውም ከዚሁ ጋር ይስማማል።

በጀሬፍ በኩል በወንዙ ዳርቻ የጡብ ምድጃዎች ተደርድረው ሲጤሱ ይታዩ ነበር። ዓባይ በክረምት ሞልቶ ዳርቻውን ሲሸፍን፥ ተሸክሞ ያመጣውን ደለል ትቶ ይሄዳል። ደለል የሚባለው ውሃ ከደጋ ጠርጎ የሚያወርደው ደቃቅ አፈር ነው። ውሃው ሲሸሽ ሠራተኞች ይህን ደለል ያቦካሉ፤ በቅርጽ ያወጣሉ፤ በፀሐይ ያደርቃሉ፤ በመጨረሻም በእሳት ይተኵሱታል። ብዙው የካርቱም ቤት የታነጸው ከዚህ ቀይ ጡብ ነው። እንግዲህ አስቡት፤ የጎጃምና የወሎ እርሻ አፈር ተጉዞ ተጉዞ የካርቱም ሰው ግድግዳ ሆነ ማለት ነው። «ዓባይ ማደሪያ የለው፥ ግንድ ይዞ ይዞራል» ይባላል፤ ግንዱን ብቻ ሳይሆን ማሳውንም ይዞ እንደሚዞር የተረዳሁት በዚያ ነው።

የምኖርበትን ቤት የሚጠብቁ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። እኔ «ያ ዐም» እላቸዋለሁ፤ ይኸውም «አጎቴ» እንደ ማለት ነው። እርሳቸውም «ያ ወለዲ» ማለትም «ልጄ ሆይ» ይሉኛል። ከበሩ አጠገብ፥ በኒም ዛፍ ጥላ ሥር፥ ዚር የሚባለውን ትልቅ የሸክላ ጋን ውሃ ሞልተው ያኖራሉ፤ መንገደኛ ሁሉ እየቀዳ ያለ ዋጋ ይጠጣል። በነሐሴ፥ ሱዳኖች ደሚራ በሚሉት የሙላት ወራት፥ የቧንቧው ውሃ ሻይ እስኪመስል ይደፈርሳል። ሽማግሌውም በዚሩ ውስጥ አሳድረው ያጠሩታል። አንድ ቀን ጧት ከጋኑ ሥር የረጋውን ጭቃ በመዳፋቸው ይዘው አሳዩኝና፥ «ያ ወለዲ፥ አገርህ ሌሊት መጥቶ እዚህ አድሯል» አሉኝ። ሳቅሁ። እርሳቸው ግን አልሳቁም። «እኔ ከተወለድሁ ጀምሮ ከዚህ ውሃ እጠጣለሁ። ጅማሬው እንዴት ያለ ነው? ከድንጋይ ይወጣል ወይስ ከአፈር? ትልቅ ነው ወይስ ትንሽ?» ብለው ጠየቁኝ።

መልስ አጣሁ። ስለ ዓባይ ውሃ አከፋፈል፥ ስለ ግድብና ስለ ውል የተጻፈ ወረቀት በመሥሪያ ቤት ብዙ አንብቤአለሁ፤ የውሃውን ልክ በቢሊዮን ሜትር ኩብ ለመናገር አላመነታም። ምንጩን ግን አላየሁትም። በሥዕል አይቼዋለሁ ብል ሽማግሌው ከሥዕል ምን ይጠቀማሉ? አፍሬ ጥቂት ዝም ካልሁ በኋላ፥ «ያ ዐም፥ ሄጄ አይቼ እነግርዎታለሁ» ብዬ ቃል ገባሁላቸው።

በ2022 መጨረሻ ሥራዬ ወደ አገር ቤት ተዛወረ። የቀረውን ዕቃዬን ከፋሲካ በኋላ ተመልሼ ለመውሰድ አስቤ ስለነበር፥ ቃሌን ለመፈጸም በጥር ወር 2023 ከባለቤቴና ከስምንት ዓመት ልጃችን ጋር ወደ ባሕር ዳር ተነሣን። ሐሳባችን ወንዙን ከታች ወደ ላይ፥ ማለትም ከፏፏቴው ወደ ምንጩ ለመከተል ነበር።

ፏፏቴው ከባሕር ዳር በስተ ደቡብ ምሥራቅ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፥ ጢስ ዓባይ በተባለችው ትንሽ ከተማ አጠገብ ይገኛል። ውሃው ከገደል ሲወረወር የሚነሣው እንፋሎት ጢስ ስለሚመስል ጢስ ዓባይ፥ አንዳንዶችም ጢስ እሳት ይሉታል። ከከተማይቱ ሲነሡ መኪና ይቀራል፤ መንገዱ የእግር ነው። አንድ የአካባቢው ወጣት መሪ ሆኖ አብሮን መጣ። መንገዱ በጥቁር ድንጋይ መካከል እየተጠማዘዘ ቍልቍል ይወርድና ወንዙ እጅግ ከጠበበበት ስንጥቅ ላይ ያደርሳል። በስንጥቁ ላይ በ1626፥ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን፥ የተሠራው የድንጋይ ድልድይ ተቀምጧል። ብዙ ሰው የፖርቱጋሎች ድልድይ ይለዋል፤ ዓላታ ድልድይም ይባላል። በጥቁር ዓባይ ላይ ከተሠሩት የድንጋይ ድልድዮች ሁሉ የመጀመሪያው ነው። እኛ በተሻገርንበት ሰዓት ገበያተኞች አህዮቻቸውን እየነዱ፥ ሴቶች እንስራና ቅርጫት አዝለው ይመላለሱበት ነበር። ከአራት መቶ ዓመት ገደማ በኋላ አንድ ድልድይ ለታሪክ ማሳያ ብቻ ሳይሆን ለዕለት ሥራ ሲያገለግል ማየት ደስ ያሰኛል።

ከድልድዩ ማዶ አቀበት አለ። አቀበት ማለት ሽቅብ የሚወጡበት፥ ቍልቍለት ደግሞ ወደ ታች የሚወርዱበት መንገድ ነው። አቀበቱን ጨርሰን ጥቂት ጎጆዎችን ካለፍን በኋላ ፏፏቴው ፊት ለፊት ተገለጠልን። የገደሉ ቁመት ከ40 ሜትር ይበልጣል፤ በክረምት ወንዙ ሲሞላ የሚወርደው ውሃ ስፋት እስከ 400 ሜትር ይደርሳል። እኛ በጥር ያየነው ግን በሰፊው ጥቁር ገደል ላይ እንደ ነጭ ክር የተንጠለጠለ ጥቂት ውሃ ነበር።

ከቀድሞዋ የአንድ ብር ኖት አንዲቱን በማስታወሻ ደብተሬ ውስጥ አኑሬ ነበር። በጀርባዋ ይኸው ፏፏቴ በሙሉ ግርማው ተሥሎባታል። ልጄ ኖቷን ወደ ገደሉ አቅጣጫ ዘርግቶ አንዴ ሥዕሉን፥ አንዴ ገደሉን አየና፥ «አባዬ፥ የቀረውን ውሃ ማን ወሰደው?» አለኝ። ከአጠገባችን በትር ተደግፈው የቆሙ አንድ የአገሩ ሽማግሌ ሰምተውት ኖሮ፥ «ልጄ፥ እኛ በልጅነታችን ጢሱን ከሩቅ ተራራ እናየው ነበር። ከገበያ ስንመለስ ድምፁን ሰምተን ነበር ቤታችን መቅረቡን የምናውቀው። አሁን እንደ መንግሥት ሠራተኛ ሆኗል፤ ክረምት ሲሆን ሥራ ይገባል፤ በጋ ሲሆን ፈቃድ ይወጣል» አሉት። ባለቤቴ እኔን እያየች በጣም ሳቀች።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1964 ከፏፏቴው አጠገብ የመጀመሪያው የጢስ ዓባይ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ሲቆም ኃይሉ 11 ሜጋ ዋት ያህል ብቻ ስለነበረ ከወንዙ የሚወስደው ውሃ ጥቂት ነበር። በ1996 ዓባይ ከጣና ሐይቅ በሚወጣበት በጨረጨራ መዝጊያ ያለው ግድብ ተሠራ፤ ከዚያ ወዲህ ከሐይቁ የሚወጣው ውሃ ልክ በሰው እጅ ሆነ። በ2001 ደግሞ 73 ሜጋ ዋት የሚሰጥ ሁለተኛ ማመንጫ ተጨመረ። ማመንጫው ውሃውን ከፏፏቴው በላይ ተቀብሎ ከፏፏቴው በታች ለወንዙ ይመልሳል። ስለዚህ ውሃው አልጠፋም፤ የጠፋው ከገደል መውደቁ ነው። በ2010 ጣና በለስ የተባለው የ460 ሜጋ ዋት ማመንጫ ሥራ ሲጀምር የሐይቁ ውሃ በተራራ ሥር በተፈለፈለ ዋሻ በኩል ወደ በለስ ሸለቆ የሚወርድበት ሁለተኛ መንገድ አገኘ። በለስም ከዓባይ ጋር የሚገናኘው ከፏፏቴው እጅግ ርቆ በቆላው ነው።

ይህን ስጽፍ መብራትን ለመንቀፍ አይደለም። እኔም ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀሁት በኤሌክትሪክ መብራት ነው፤ ሐኪም በሌሊት የሚያዋልደው፥ ተማሪ የሚያጠናው በዚሁ ነው። ነገር ግን አንድ መዝጊያ ሲከፈትና ሲዘጋ ከታች ምን እንደሚሆን ያየ ሰውና ያላየ ሰው እኩል አይፈርዱም። ለፏፏቴው ምን ያህል ውሃ ይተውለት የሚለው ጥያቄ በወረቀት ላይ የቍጥር ጥያቄ ነው። በገደሉ ፊት ቆሞ ለሚያየው ግን ለእንግዳ መሪነት ለሚያድረው ወጣት የእንጀራ፥ ለሽማግሌው የትዝታ፥ በእንፋሎቱ እርጥበት ለሚለመልመው ደን ደግሞ የሕይወት ጥያቄ ነው።

ከጢስ ዓባይ በኋላ ጣናን አልፈን ወደ ምንጩ ጉዞ ጀመርን። ወደ ጣና ከሚገቡት ወንዞች ትልቁ ግልገል ዓባይ ነው። ግልገል የሚባለው የበግ ወይም የፍየል ልጅ ነው፤ ስለዚህ ስሙ ሕፃኑ ዓባይ እንደ ማለት ነው። የርሱ መነሻ በምዕራብ ጎጃም በሰከላ ወረዳ፥ ከግሽ ተራራ ሥር የሚገኘው ግሽ ዓባይ ነው። ከባሕር ዳር በዳንግላና በእንጅባራ አድርገን ጢሊሊ ስንደርስ ዋናውን መንገድ ትተን ወደ ሰከላ ታጠፍን። ቦታው ከባሕር ወለል በላይ ከ2,700 ሜትር የሚበልጥ ደጋ ነው። የጣና ከፍታ 1,800 ሜትር ገደማ፥ የካርቱም ደግሞ 380 ሜትር ያህል ስለሆነ፥ ሽማግሌው ዘበኛ በመዳፋቸው የያዙት ውሃ ከዚህ ተነሥቶ ከሁለት ሺህ ሦስት መቶ ሜትር በላይ ቍልቍለት ወርዷል ማለት ነው።

ከጠበሉ በር ስንደርስ አንድ አባት አስቆሙንና፥ «እንደምን አደራችሁ? ምግብ ቀምሳችኋልን?» ብለው ጠየቁን። እኔ የምመልሰውን ቃል ስመርጥ ልጄ ቀደመኝና፥ «አዎ አባባ፥ እንቁላል በልተናል» አለ። አባትም ፈገግ ብለው፥ «እውነት በመናገርህ ተባረክ። የበላ ሰው ወደ ጠበሉ አይቀርብም፤ ነገ በጧት ሳትበሉ ኑ። ዓባይ እስከ ነገ የትም አይሄድም» አሉን። ይህን ሲናገሩ ግን ዓባይ ከእግራችን በታች እየሄደ ነበር።

ስለዚህ ያን ቀን ጅረቱን ከታች በኩል ለማየት ወጣን። በመስኩ መካከል እየተጥመዘመዘ የሚሄድ ቀጭን የእግር መንገድ አለ፤ ከብቶችና ፈረሶች በግራና በቀኝ ይግጣሉ። ጅረቱ ጠባብ ስለሆነ ልጄ ወዲያና ወዲህ እየዘለለ ዓባይን አሥር ጊዜ ያህል ተሻገረው። ወደ ታች በሄድን ቍጥር ከድንች ማሳና ከገብስ ማሳ በኩል ሌሎች ትናንሽ ጅረቶች ይጨመሩበታል። ወንዝ ከሌላ ወንዝ ሲገባ ገባር ይባላል። አብሮን የነበረው ገበሬ የገባሮቹን ስም አንድ በአንድ ነገረን።

እኔ የሽማግሌውን ጭቃ አስቤ፥ «ወንድሜ፥ ውሃው የሚደፈርሰው ከየት ጀምሮ ነው?» ስል ጠየቅሁት። ገበሬውም እጁን ዘርግቶ ሁለት ማሳዎች አሳየኝ። አንደኛው በእርከን የታሰረ ነው፤ እርከን ማለት አፈሩን ውሃ እንዳይወስደው በተዳፋት ላይ አግድም የሚሠራ ካብ ወይም እድም ነው። ሁለተኛው እርከን የሌለው፥ ከላይ እስከ ታች የታረሰ ሲሆን በመካከሉ ሰው የሚውጥ ቦረቦር ተከፍቶበታል። «ከዚህኛው ማሳ የሚወርደው ውሃ በክረምትም ይጠራል፤ ከዚያኛው የሚወርደው ግን ማሳውን ይዞ ይሄዳል። ምንጩስ ምን በደለ? ከመሬት ሲወጣ ንጹሕ ነው፤ የሚደፈርሰው በመንገድ ነው» አለኝ። ደግሞም ከምንጭ ራስ አጠገብ ስለሚተከለው ባሕር ዛፍ አማረረ። ባሕር ዛፍ ለቤትና ለማገዶ የሚጠቅም፥ ለገበሬውም ገንዘብ የሚያስገኝ ዛፍ ነው፤ ነገር ግን ውሃ አብዝቶ የሚጠጣ ስለሆነ ከምንጭ ርቆ ቢተከል የተሻለ መሆኑን ገበሬው ከኛ ይልቅ ያውቃል።

በማግስቱ ጧት ባዶ ሆዳችንን ወደ ምንጩ ሄድን። በዚያ ሰዎች ቢጫ ጀሪካናቸውን ይዘው በተራ ቆመዋል። የቦታው ታሪክ ከአቡነ ዘርዓ ብሩክ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ሕዝቡ ለጠበል ከሩቅ አገር ይመጣል። ምንጩን ባየሁ ጊዜ የሽማግሌው ጥያቄ መልስ ተገኘ። ከድንጋይ አይወጣም፤ ረግረግ ካለው መስክ፥ ከአፈር ውስጥ፥ ያለ ድምፅ ይፈልቃል። ትልቅም አይደለም። አንዲት ሴት ጎንበስ ብላ ጣሳዋን ትሞላለች፤ ከርሷ ያለፈው ውሃ ጅረት ይሆናል። ከዚህ የሚያንስ ጅማሬ ያለው ትልቅ ነገር አይቼ አላውቅም።

ይህን ምንጭ ካዩት አውሮጳውያን የመጀመሪያው በ21 ሚያዝያ 1618 ከዐፄ ሱስንዮስና ከሠራዊታቸው ጋር ወደዚህ የመጣው እስፓኛዊ መነኵሴ ፔድሮ ፓኤዝ ነው። ከርሱ በኋላ በ1770 የመጣው እስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ የመጀመሪያው እኔ ነኝ ብሎ ተከራክሯል። የአገሩ አገዎችና ጎጃሞች ግን ከሁለቱም በፊት ከብቶቻቸውን ያጠጡ ስለነበር ማንም አገኘሁት ሊል አይገባውም፤ አየሁት ቢል ይበቃዋል። ፓኤዝ የተወለደው ከማድሪድ ብዙ በማትርቅ ኦልሜዳ በተባለች መንደር ነው። በርሱ ዘመን ስሟ የሽንኵርቷ ኦልሜዳ ነበረ፤ ዛሬ ግን ኦልሜዳ ዴ ላስ ፉዌንቴስ፥ ማለትም የምንጮቹ ኦልሜዳ ትባላለች።

እስፓኝን ካነሣሁ አንድ ነገር ልጨምር። እኛ በአማርኛ ምንጭ የምንለውን በትግርኛ ዓይኒ ማይ፥ የውሃ ዓይን፥ ይሉታል። በዐረብኛም ዐይን የሚለው ቃል ለሚያይ ዓይንም ለምንጭም ያገለግላል። እስፓኛውያንም ጓዲያና የተባለው ወንዛቸው በላ ማንቻ ሜዳ ከመሬት የሚፈልቅባቸውን ምንጮች የጓዲያና ዓይኖች ይሏቸዋል። እነዚህ ዓይኖች በ1980ዎቹ ዓመታት ደረቁ። ያደረቃቸው የዝናብ ማነስ ብቻ አልነበረም፤ ለመስኖ በየማሳው የተቈፈረው ጕድጓድ የመሬቱን ውሃ ከሚተካው በላይ ስለሳበው ነው። በ2009 በዚያው አካባቢ ባለው የዳይሚየል ረግረግ ሥር የደረቀው አፈር ከመሬት በታች በእሳት ተያይዞ ጤሰ። ከዚያ በኋላ ዝናብ በበዛባቸው ዓመታት ውሃው በከፊል ተመለሰ። ከዚህ የምንማረው፥ ምንጭ ሊሞት እንደሚችል፥ የሚገድለውም ጠላት ሳይሆን የሚጠጣው ሰው ራሱ ሊሆን እንደሚችል ነው።

የደለሉም ነገር እንዲሁ ነው። በ1966 በሱዳን በጥቁር ዓባይ ላይ የተሠራው የሮሴሬስ ግድብ ውሃ ከሚያጠራቅምበት ስፍራ ከሲሶ በላይ የሚሆነውን ደለል ስለወሰደበት፥ በ2013 ቁመቱ በ10 ሜትር ከፍ እንዲል ተደረገ። በመስከረም 2025 የተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ደግሞ ከሮሴሬስ በላይ ስለሚገኝ፥ ከእንግዲህ የደጋው አፈር በመጀመሪያ የሚያርፈው በእኛው ግድብ ውስጥ ነው። ስለዚህ በሰከላ ተዳፋት ላይ የሚሠራ አንድ እርከን ለካርቱሙ ዚር ብቻ ሳይሆን ለራሳችን መብራትም ይሠራል።

ከምንጩ በትንሽ ጠርሙስ ውሃ ሞላሁ። ለሽማግሌው የምነግራቸውንም በልቤ አሰናዳሁ፤ «ያ ዐም፥ ጅማሬው ትንሽ ነው፤ የስምንት ዓመት ልጅ ይዘለዋል። በመዳፍዎ የያዙት ጭቃ ከምንጩ የመጣ አይደለም፤ ከእርሻችን ነው፤ የእኛ ጥፋት ነው» ልላቸው አስቤ ነበር። ይሁን እንጂ በ15 ሚያዝያ 2023፥ በፋሲካ ዋዜማ፥ ጦርነት በካርቱም ተነሣ። የሪያድ ሰዎችም እንደሌላው የካርቱም ነዋሪ ተበተኑ። ሽማግሌው የሚጠሩበት ስልክ ከዚያ ቀን ወዲህ አልመለሰልኝም፤ ወዴት እንደ ሄዱም የነገረኝ የለም። ጠርሙሱ አሁንም ከመጻሕፍቴ አጠገብ ነው። ልጄ አልፎ አልፎ ያነሣና ወደ ብርሃን አቅጣጫ ይዞ ያየዋል፤ ከሥሩ የረጋ ነገር የለም።

እንግዲህ አንባቢዎቼ ሆይ፥ ቤተ ሰባችሁን ይዛችሁ እንዲህ ያለ ጉዞ ለማድረግ የምታስቡ እንደሆነ ከተማርሁት ጥቂቱን ልንገራችሁ። አንደኛ፥ በአማራ ክልል ከነሐሴ 2023 ጀምሮ ግጭት ስለተነሣ፥ ማንም ሰው የመንገዱን ሰላም ከአገሩ ሰው ሳይጠይቅ አይነሣ። ሁለተኛ፥ ፏፏቴውን በሙላቱ ለማየት የሚሻ ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ይሂድ፤ ግን መንገዱ በዚያን ጊዜ አንሸራታች ስለሆነ ጥሩ ጫማ ያድርግ፤ ልጆችንም በገደሉ አፋፍ ላይ ከእጁ አይልቀቅ። ሦስተኛ፥ የአካባቢውን ሰው መሪ አድርጋችሁ ውሰዱ፤ ዋጋውንም ሳትከራከሩ ክፈሉ፤ መንገዱን ብቻ ሳይሆን የገባሩን ስም የሚነግራችሁ እርሱ ነው። አራተኛ፥ የያዛችሁትን የፕላስቲክ ጠርሙስ መልሳችሁ ውሰዱ፤ ከላይ የጣላችሁትን ከታች ያለው ሰው ያገኘዋል። አምስተኛ፥ ወደ ጠበል የምትሄዱ ከሆነ ቁርስ አትብሉ፤ የበላችሁም እንደሆነ እንደ ልጄ እውነቱን ተናገሩ።

በመሥሪያ ቤት ላለን ሰዎች ደግሞ አንድ የተለየ ነገር አለን። በየቀኑ ስለ ወንዝ፥ ስለ ደን፥ ስለ እርሻ የሚናገር ወረቀት በጠረጴዛችን ያልፋል፤ እኛም እንፈርማለን። ወረቀቱ የሚናገርለትን ቦታ በእግራችን ሄደን ያየነው ስንቶቻችን ነን? ሁሉን ማየት አይቻልም፤ በዓመት አንድ ቦታ ማየት ግን ይቻላል። ሄዶ ያየ ሰው ሲፈርም በፊቱ የሚታየው ቍጥሩ ብቻ አይሆንም፤ ሁለቱ ማሳዎች፥ በትር የተደገፉት ሽማግሌ፥ ጣሳዋን ይዛ የምታጎነብሰው ሴት፥ በኒም ዛፍ ሥር የተቀመጠው ዚር አብረው ይታዩታል። እኔ ይህን የተማርሁት ዘግይቼ፥ ያውም መልሱን ለጠያቂው ሳላደርስ ነው። እናንተ ግን ሳትዘገዩ ሂዱ።